ለቅሶ ተቀምጬ ያላየሁት መጋዘን

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ባንኩ በእጄ ያለውን ንብረት ሁሉ በዝርዝር ጠየቀኝ። መታወቂያ፣ ሜትር፣ የዝናብ ካፖርት፣ የጠረጴዛ መሳቢያ ቁልፍ። የንብረት ክፍሉ ሰው በእያንዳንዱ ላይ ምልክት እያደረገ ጨረሰና «ተጠናቋል ጋሽ ታደሰ፣ መልካም ዕረፍት» አለኝ። ሁለት ነገር ግን ሳይጠይቀኝ ቀረ፤ ዝርዝሩ ላይ አልነበሩምና። አንዱ ጆንያ የምወጋበት ብረት ነው፤ ክንድ ያህል የሚረዝም፣ ጫፉ የሾለ፣ ጎኑ እንደ ቦይ የተፈለፈለ። ሁለተኛው ደብተሬ ነው። ብረቱን ለልጄ ባል ሰጠሁት፤ ከሰል ይቆሰቁስበታል። ደብተሩን ግን ለማንም አልሰጥም። ይህን የምጽፈውም በሱ ምክንያት ነው።

ሥራዬ ዋስትና ማየት ነበር። ነጋዴ ከባንክ ሲበደር ቤቱን፣ መኪናውን ወይም በመጋዘን ያከማቸውን እህል ያስይዛል። ሄጄ አይቼ «አለ» ወይም «የለም» የምለው እኔ ነኝ። ደሴ ጀምሬ፣ ጥቂት ዓመት ቆቦ ሠርቼ፣ የቀረውን ዘመኔን ወልድያ ጨረስኩ። ደመወዙ ቤት አላሠራኝም፤ ልጆች ግን አስተምሮልኛል። ዛሬ ዋስትና የሚታየው በስልክ ፎቶ ነው። ባለመጋዘኑ ራሱ አንስቶ ይልካል፣ ባንኩ ፎቶውን ፋይል ውስጥ ያስገባል። ይህን የሰማሁ ቀን ልሳደብ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። እኔ ማን ሆኜ ነው ሌላውን የምወቅሰው?

ሥራውን ያስተማረኝ ጋሽ ወርቁ ይባል ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲቆጣ ድምፁ የሚቀንስ ሰው። መጋዘን ስንደርስ ባለቤቱን ትቶ መጀመሪያ ዘበኛውን ነው ሰላም የሚለው። «ባለቤት የሚነግርህ የሚመኘውን ነው፤ ዘበኛ የገባ የወጣውን መኪና ያውቃል» ይል ነበር። ከዚያ መጋዘኑን በውጭ በእርምጃው ይዞራል፣ ገብቶ ደግሞ በውስጥ ይዞራል፤ ሁለቱ ካልተቀራረቡ ግድግዳውን ያንኳኳል። ከጆንያ በብረቱ ጥቂት ፍሬ ያወጣና በጥርሱ ይሰብራል። ማሾ ደርቆ ከሆነ ቀጭ ይላል፤ እርጥብ ከሆነ ዝም ብሎ ይደፈጠጣል። በተበዳሪ ቤት ውሃ እንኳን አይጠጣም። በመጨረሻ ኮቱን አውልቆ ክምሩ አናት ላይ ይወጣል። ክምር ከፊት ሁሌም ያምራል፣ ሆዱ የሚታየው ከላይ ነው።

ደብተር አያያዙንም ከሱ ወረስኩ። እያንዳንዱን ገጽ መሃል ለመሃል በመስመር ይከፍለዋል። በግራ «የተነገረኝ»፣ በቀኝ «ያየሁት»። «ከግራ ወደ ቀኝ የሚያሻግር ድልድይ እግርህ ብቻ ነው» አለኝ አንድ ቀን። ያኔ ወጣት ነበርኩና የሽማግሌ ወግ መስሎኝ ሳቅኩ።

ሳቄ የቆመው ግራና በምትባል ከተማ ነው። አንድ ነጋዴ ጤፍ አስይዞ ሊበደር ወረቀቱን ሁሉ ጨርሶ ነበር። ክምሩ እስከ ጣሪያው ደርሷል፤ እኔ ከፊት ያለውን ቆጥሬ፣ አባዝቼ፣ ቁጥሩን ቀኝ በኩል ጽፌዋለሁ። ጋሽ ወርቁ ግን ጆሮውን ጆንያ ላይ ለጥፎ ቆሟል። «ድመት አለች» አለ። ክምሩ አናት ላይ ወጣ፣ ተከትዬው ወጣሁ። የክምሩ መሃል ጉድጓድ ነበር፤ ከታች አንዲት ድመት አራት ግልገሎቿን እያጠባች ቀና ብላ አየችን። ጤፍ ከዳር ዳሩ ብቻ ነው። ጋሽ ወርቁ ነጋዴውን አልተቆጣም። እኔን ነው ዝቅ ባለ ድምፅ «ደብተርህን አምጣ» ያለኝ። ቀኝ በኩል የጻፍኩትን ሰርዞ በግራ በኩል ራሴው እንድጽፈው አደረገኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሃያ ምናምን ዓመት ያላየሁትን «አየሁ» ብዬ አላውቅም ነበር። እስከ መርሳው ለቅሶ ድረስ።

ከጦርነቱ በኋላ ቅርንጫፋችን ሲከፈት ገሚሱ ፋይል አልነበረም። ጋሽ ወርቁም ቀደም ብሎ አርፏል። ዋናው መሥሪያ ቤት በአካባቢያችን ያለው ብድር ስላስፈራው ለሚወስድለት ሁሉ አመስግኖ ሊሰጥ ፈለገ። በዚያው ሰሞን ወልድያ ላይ ሌላ ባንክ ቅርንጫፍ ከፍቶ ደንበኛ ያስሳል። ሁለቱ ባንኮች በአንድ ትልቅ ብድር ላይ ተስማሙ፤ የመርሳው ነጋዴ የአቶ ሞገስ ብድር። ተረካቢው ባንክ ዕዳውን ለኛ ከፍሎ ብድሩን ይወስዳል፣ በመርሳ መጋዘን ያለው ማሾ መያዣነቱ ወደሱ ይዛወራል። ውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ ነበረች፤ የኛ ባንክ ባለሙያ በዚያው ሳምንት ማሾውን በዓይኑ አይቶ በደብዳቤ ያረጋግጣል። ባለሙያው እኔ ነኝ።

በሚኒባስ መርሳ ወርጄ መጋዘኑ ግቢ ስደርስ ድንኳን ተተክሏል። የአቶ ሞገስ እናት በዋዜማው አርፈው ተቀብረዋል። መኖሪያውም መጋዘኑም ያሉበት ግቢ ጠባብ ስለሆነ ድንኳኑ ከመጋዘኑ በር ጋር ተያይዟል፤ ሽማግሌዎቹ በአግዳሚ ወንበር ተደርድረው ጀርባቸውን የተደገፉት የመጋዘኑን የብረት በር ነው። ሴቶቹ ደረት ይመታሉ። ምን ይደረጋል? ጎንበስ ብዬ ገባሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ንፍሮ ዘገኑልኝ፣ ቆረጠምኩ።

ትንሽ ቆይቶ የመጋዘኑ ጠባቂ አያ ሰይድ በዓይኑ ጠቀሰኝና ወደ ግቢው ጥግ ወጣን። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ባንካችን ከቀጠረው ገና ሁለት ሳምንቱ ነው።

«አቶ ታደሰ፣ እንኳን መጡልኝ» አለ። «የፊተኛው ጠባቂ ቁልፉን እጄ ላይ ጥሎልኝ ሄደ። እኔ የተረከብሁት ቁልፍ ነው እንጂ ማሾ አይደለም። ወላሂ፣ ውስጡን ባይኔ አላየሁትም። ልክፈትና አብረን እንየው፣ ከዚያ ይፈርሙልኝ።»

«አያ ሰይድ፣ ሰው እኮ ሞቷል። እነዚያን ሽማግሌዎች ከበሩ ላይ ተነሡልኝ ልበላቸው?»

«በጓሮ ትንሽ በር አለች። ለሽንት የሄድን መስለን እንገባለን፣ ማንም አያየንም።»

«ሰው ያያል። ዛሬ ነውር ነው። ከሣልስቱ በኋላ እመጣለሁ።»

«ይመጣሉ?»

«እመጣለሁ አልኩዎ።»

ቁልፉን በእጁ ትንሽ አገላበጠና ወደ ኪሱ መለሰው።

ለዓመታት ያን ቀን ይሉኝታ ያዘኝ ስል ኖሬያለሁ። በኛ አገር በለቅሶ ቤት እህል ሊቆጥር የገባ ሰው ስሙ ለልጅ ልጁ ይተርፋል፤ ይህ እውነት ነው። ግን የጓሮው በር ነበረ። ከድንኳኑም አይታይም ነበር። ይሉኝታ ብዬ የማቆላምጠው ነገር ግማሹ ስንፍና ግማሹ ፍርሃት እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። ጋሽ ወርቁ ቢሆን ድንኳኑ ውስጥ አልቅሶ፣ ንፍሮውን ሳይነካ፣ በጓሮ ይገባ ነበር።

ስሰናበት አቶ ሞገስ አቅፎ አለቀሰብኝ። ለቅሶው የውነት ነበር፤ እናቱን ይወድ ነበር። «ማሾው እንዳለ ነው ወንድሜ፣ አንድ ጆንያ አልተነካም፣ አንተ አትሳቀቅ» አለኝ እንባውን እየጠረገ። ሚኒባስ እስኪሞላ ደብተሬን አውጥቼ በግራ በኩል «ማሾው እንዳለ ነው፤ ሞገስ» ብዬ ጻፍኩ። በቀኝ በኩል ደግሞ «መጋዘኑ ተዘግቷል። ለቅሶ ነው። ሰይድ ልክፈት አለ፣ አልገባሁም»።

ወልድያ ስደርስ የቅርንጫፋችን ሥራ አስኪያጅ አቶ ዳዊት ደብዳቤውን አስተይቦ ጠበቀኝ። በዕድሜ ልጄ የሚሆን፣ ክፉ ያልሆነ፣ ስልኩ የማያርፍለት ሰው ነበር።

«አዩት?»

«እናቱ ሞተውበት ለቅሶ ላይ ነው።»

«ነፍስ ይማር። ግን እዚያው ግቢ ድረስ ገብተዋል አይደል? ማሾው የት ይሄዳል? ውሉ ዛሬ አስር ሰዓት ላይ ይፈረማል፣ ዋናው መሥሪያ ቤት መስመር ላይ ነው ያለው።»

«በዓይኔ አይቼ አረጋግጫለሁ» በሚለው ሥር ፈረምኩ። ሣልስቱ አለፈ፣ አልሄድኩም። ብድሩ የኛ መሆኑ ቀርቶ የለ!

ሁለት ወር ሳይሞላ አቶ ሞገስ ለአዲሱ ባንክ መክፈል አቆመ፤ መጋዘኑ ተከፈተ። ከፊት ሦስት ረድፍ ማሾ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጆንያ ሁሉ ገለባ። ተረካቢው ባንክ በሐሰተኛ ማረጋገጫ አታለላችሁን፣ ውልም አፈረሳችሁ ብሎ ባንካችንን አዲስ አበባ ከሰሰ። ያንዲት ደብዳቤ ቅጂ በሁለቱም ፋይል ውስጥ እየተሰመረባት ዞረች።

ከዋናው መሥሪያ ቤት አንዲት የሕግ ባለሙያ መጣች። ረጋ ያለች፣ ትሑት ሴት ናት። የባንኩን መከራከሪያ አስረዳችኝ፤ ደብዳቤው በተጻፈበት ቀን ማሾው ነበር፣ የጠፋው ከዚያ በኋላ ነው፣ ስለዚህ ባንካችን አልዋሸም። «ከእርስዎ የሚጠበቀው አንድ ገጽ ነው» አለችኝ። «ማየትዎን በመሐላ ያጸናሉ።»

ከዚያ በኋላ ከጠፋ ማን ወሰደው? ይህን አልጠየቅኳትም፤ መልሱን አውቀዋለሁና። ከዚያ በኋላ ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ነበር።

ፈረምኩ። በሳምንቱ አያ ሰይድ ታሰረ። አቶ ሞገስም ለፖሊስ «ዘበኛው ነው ያራቆተኝ» ብሎ ቃሉን ሰጠ።

ሚስቱ ዘሐራ ወልድያ ድረስ መጣች። እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ የወረፋ ቁጥር ይዛ ከገንዘብ አስቀማጮች መሃል ተቀምጣ ነበር፤ ተራዋ ሲደርስ ገንዘብ ያዡ ወደኔ ላካት። ወንበር ሳብኩላት። ሻሿን አስተካክላ ተቀመጠች፣ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች።

«ልለምን አልመጣሁም» አለች። «ሰይድ ነግሮኛል። ያን ለት ለቅሶውን አክብረው ነው ያልገቡት። ደግ አደረጉ፣ ሙት ይከበራል።»

እጆቼን ጠረጴዛው ላይ አደረግኩ።

«አሁን ለቅሶው እኛ ቤት ነው። ድንኳን ስለሌለው ነው የማይታይዎ። የዚያን ሰውዬ ለቅሶ እንዳከበሩ የኛንም ያክብሩልን።»

«ጉዳዩ በሕግ የተያዘ ነው እቴ። እኔ እጅ የለኝም።»

«እጅማ አለዎ» አለች ጠረጴዛው ላይ ያሉትን እጆቼን እያየች። «በሱ አይደል የፈረሙት?» ተነሣች። «አላህ ያሳይዎ» ብላ ወጣች። በመስኮት አየኋት፤ አምስቱን የደጅ ደረጃ ስትወርድ ሁለት ጊዜ አረፈች።

አምስት ወር ዝም አልኩ። እየበላሁ፣ እየተኛሁ፣ ሰንበት ሲሆን ቤተ ክርስቲያን እየሳምኩ። ደብተሩን ቁም ሣጥን ውስጥ ከክረምት ልብሴ ሥር አድርጌዋለሁ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ። እያደር በምትለዋ ቃል ውስጥ ግን የሰው ዕድሜ እንደሚያልቅ ተረቱ አይናገርም።

በመጨረሻ የሰይድ ክስ ወልድያ ላይ ሲሰማ ዐቃቤ ሕግ ምስክር አድርጎ ጠራኝ። ያን ጠዋት ደብተሩን ለምን በኮቴ የውስጥ ኪስ እንዳስገባሁት ብጠየቅ አላውቅም። ቆርጬ አልነበረም። መጽሐፍ ቅዱስ መትቼ ማልኩ፣ ዐቃቤ ሕጉ ደብዳቤዬን አነበበልኝ፣ የኔ መሆኑን አረጋገጥኩ። ሰይድ ጠበቃ አላቆመም። ከስቷል፤ ጺሙ ያለ ወትሮው ነጭ ሆኗል። ዳኛዋ «ተከሳሽ፣ ምስክሩን የሚጠይቁት አለ?» አሉት።

«አንድ አለኝ» ብሎ ቆመ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «አቶ ታደሰ፣ ያን ለት በየት በር ገቡ?»

በፊት በር ብል ሽማግሌዎቹ ተደግፈውታል፤ ግማሹ መርሳ አይቷል። በጓሮ ብል ያለሱ ቁልፍ አይገባም። ሰው ሲዋሽ ብዙ ነገር አስቦ ይዋሻል፤ እኔ በሩን አላሰብኩትም ነበር። ደብተሩን አውጥቼ ገጹን ገለጥኩና «አልገባሁም» አልኩ። ጸሐፊው ወስዶ ለዳኛዋ ሰጠ። አነበቡት፣ ቀና አሉ።

«ይህን የጻፉት በዚያው ዕለት ነው?»

«አዎ ክብርት ዳኛ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉ?»

ብዙ የሚያምር መልስ ነበር። «ጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር» አልኩ። ሰይድ አላየኝም፤ መስኮቱን ነበር የሚያየው።

ተፈታ። እኔ ከዋስትና ሥራ ተነሥቼ ምድር ቤት መዝገብ ክፍል ገባሁ፤ የቀረኝን ዘመን አሮጌ ፋይል ሳስር ጨረስኩ። በሐሰት መሐላ እከሰሳለሁ ብዬ ስጠብቅ ሁለቱ ባንኮች ታረቁ። ኪሳራውን ተካፈሉት፣ የአቶ ሞገስ ቤት ተሸጠ፣ እሱም ወደ ሌላ አገር ሄደ፤ ማሾውን ሰይድ ከመቀጠሩ በፊት ሸጦት እንደነበር ያኔ ታወቀ። ሥራ አስኪያጆቹ ወልድያ ላይ አብረው ምሳ በሉ አሉ። ደብዳቤዬ ከክርክሩ ወጣች፣ መሐላዬም አብራ ተረሳች፤ ከሳሽ አጣሁ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። ሲታረቁም ሣሩን የሚያነሣው የለም።

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ መርሳ ወረድኩ። የሰይድ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ ግራና በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ስኳርና ዘይት ይዣለሁ። ደጁ ላይ ተቀምጦ የአካፋ እጀታ ይጠርባል። አየኝና መጥረቢያውን አስቀመጠ።

«አያ ሰይድ፣ እንዴት ከረሙ?»

«አልሐምዱሊላህ» አለ። የያዝኩትን አልተቀበለኝም፣ አልመለሰውምም፤ ደጃፉ ላይ አስቀመጥኩት። ይቅርታ ልጠይቅ የተዘጋጀሁበትን ንግግር ጀመርኩ። እጁን አንሥቶ አስቆመኝ።

«ይግቡ» አለ።

ገባሁ። ከጥግ ያለውን ጎታ ክዳን አነሣው። «ይዩ።» ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ከታች አቧራና አንድ ጣሳ ብቻ ነበር። ወደ ጋጣው ወሰደኝ። ገመዱ ከግንዱ ላይ እንደታሰረ ነው፣ እበቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። «ሁለት በሬ ነበረኝ። አንዱን ለስንቄ ሸጠችው፣ አንዱን ለሐኪም ቤት።»

«ለማን ሐኪም ቤት?»

የጓዳውን መጋረጃ ገለጠው። አንድ ጠባብ አልጋ አለ፤ ፍራሹ ተጠቅልሎ ራስጌው ላይ ተቀምጧል። ከግድግዳው ሚስማር ላይ ሻሽ ተንጠልጥሏል። ወልድያ ስትመጣ አድርጋው የነበረው ነው፤ አወቅኩት።

«ዘሐራ ናት» አለ። «እርስዎ ሊመሰክሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው። ለቀብሯ አላወጡኝም።»

አላወቅኩም ነበር ልል ፈለግኩ። አላወቅኩም ማለት ግን አልጠየቅኩም ማለት ነው፤ ጋሽ ወርቁ ቢሰማኝ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር።

«ያን ለት ልክፈትልዎ ብየ ለምኜዎት ነበር» አለ ሰይድ መጋረጃውን እንደያዘ። «ዛሬ ሳይጠይቁኝ ከፈትሁልዎ። ያ ደብተር አለ?»

«አለ።»

«ይጻፉ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ልቀመጥ አልደፈርኩም፤ ቆሜ ጻፍኩ። በቀኝ በኩል፦ ጎታ፣ ባዶ። ጋጣ፣ ባዶ። አልጋ፣ አንድ፣ ሰው የለበትም። ሻሽ፣ አንድ። ያንብቡልኝ አለኝ በዓይኑ፤ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ይፈርሙልኝ» አለ።

ፈረምኩ።